አብስትራክቱን ለገበሬው አንብቡለት



ሰሞኑን አንድ ኢ-ሜይል ደረሰን። ከወዳጅ ወደ ወዳጅ እየተቀባበለ የመጣ ነው። ርእሱ በትልልቁ «ኮል ፎር አብስትራክትስ» ይላል። ነገሩ የመስኖና የውሃ አስተዳደር ጉባኤ ሊካሄድ ስለሆነ፣ ጥናት ያላችሁ ሁሉ ጭማቂውን ከ300 ባልበለጡ ቃላት፣ በእንግሊዝኛ፣ ታይምስ ኒው ሮማን በሚባለው ፊደል፣ በ12 መጠን፣ እስከዚህ ቀን እኩለ ሌሊት ድረስ ላኩ ነው። አምስት ቁልፍ ቃላትም ከግርጌ ይጨመሩ ይላል። በመሪ ቃሉ ውስጥ «ዘላቂ» የምትለዋ ቃል በክብር ተቀምጣለች። (እሷ የሌለችበት የውሃ ጉባኤ የሚያውቅ ካለ ይጻፍልን፤ ቡና እንጋብዘዋለን።)

የጉባኤውን ስም አንጠራም። ሌላውም ያው ስለሆነ መጥራቱ አይጠቅምም። ጥሪውን ከላይ እስከ ታች ሁለት ጊዜ አነበብነው። የፊደሉ መጠን ተጽፏል፤ የኅዳጉ ስፋት ተጽፏል፤ የምዝገባው ክፍያ ተጽፏል። ጥናቱ የተሠራበት ማሳ ባለቤት ውጤቱን ሰምቶ እንደሆነ የሚጠይቅ አንድ መስመር ግን የለም። የዛሬው ጠባችን በዚህች በቀረችው መስመር ነው።

አብስትራክት ምን እንደሆነ ለማታውቁ፣ ምሁራኑ በአማርኛ «አጽሕሮተ ጥናት» ይሉታል። ሁለት ዓመት የተለፋበት ሥራ በአንድ አንቀጽ ሲጨመቅ ማለት ነው፤ ምን ጠየቅን፣ የት ለካን፣ እንዴት ለካን፣ ምን አገኘን። ጋዜጠኝነት ስንማር መምህራኖቻችን «ሊድ» እያሉ ያሰቃዩን እንደነበረው ነገር ነው፤ አንባቢው ከዚያ በኋላ ባያነብ እንኳ ዋናው ነገር እጁ ይግባ የሚባልበት። ልዩነቱ፣ ለሊዱ አንባቢ መጀመሪያ ይታሰባል። ለአብስትራክቱ ግን የሚታሰበው አንባቢ ገምጋሚው ብቻ ነው። ገምጋሚው ተቀብሎታል አልተቀበለውም፤ ከመድረክ ይቀርባል ወይስ ኮሪደር ላይ በፖስተር ይለጠፋል፤ እዚህ ላይ ነገሩ ያበቃል።

የሚያናድደው ደግሞ ከጉባኤ በኋላ የሚተርፈው ይኸው አንቀጽ መሆኑ ነው። ሙሉ ጽሑፉ አንዳንዴ በፕሮሲዲንግ ይወጣል፤ አንዳንዴ በክፍያ በሚከፈት መጽሔት ውስጥ ይቆለፋል፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ በጸሐፊው ፍላሽ ዲስክ ውስጥ ይቀራል። የአብስትራክቶቹ መድበል ግን ይታተማል፤ በጉባኤው ቦርሳ ውስጥ ከእስክሪብቶና ከማስታወሻ ደብተር ጋር ይታደላል። አንድ ጥናት ለሕዝብ የሚታይ ፊት አለው ከተባለ ፊቱ ይህ ነው። ታዲያ ፊቱን ለማን ነው ያዞረው?

አሁን ወደ ኃጢአታችን እንምጣ። ሰውን ከመውቀሳችን በፊት የራሳችንን እንናዘዝ።

በ2015 ዓ.ም የመስኖ ምህንድስና የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ የነበረ አንድ ወዳጃችን፣ ባሕር ዳር በአንድ ካፌ ውስጥ ላፕቶፑን ይዞ ከበበን። «እናንተ የጽሑፍ ሰዎች ናችሁ፤ አብስትራክቴ 340 ቃል ሆኖብኛል፤ 40 ቃል ቁረጡልኝ» አለ። ጥናቱ ቆጋ ላይ ነው። ቆጋን ለማታውቁት፣ ከባሕር ዳር በስተደቡብ 35 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ መራዊ አካባቢ፣ ሜጫ ውስጥ ያለ መስኖ ነው። የቆጋ ወንዝ ለግልገል ዓባይ ይገብራል፤ ግልገል ዓባይ ደግሞ ለጣና። ወንዙ ላይ 83 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ውሃ የሚይዝ ግድብ ተሠርቶ፣ 7,000 ሄክታር ያህል መሬት እንዲያጠጣ ታስቦ፣ በ2000ዎቹ ዓ.ም መጀመሪያ ላይ ሥራ ጀመረ። ከዚያ ወዲህ ቆጋ የተማሪዎች መሰማሪያ ሆኗል። ቦዩ ተለክቷል፣ ድንቹ ተለክቷል፣ ስንዴው ተለክቷል፣ በመስኖው መሬት ውስጥ የተስፋፋው ባሕር ዛፍ ሳይቀር ተጠንቷል። ለካነት ውሃ የሚጠጣ ቢሆን ኖሮ ግድቡ በደረቀ ነበር።

ወዳጃችን የለካው፣ ውሃው ከቦዩ ራስ ጀምሮ እስከ ጫፉ ላሉት ማሳዎች እኩል ይደርሳል ወይ የሚለውን ነው። የመስኖን ነገር የሚያውቅ ሁሉ ይህ ጥያቄ የዘላለም ጥያቄ መሆኑን ያውቃል። የላይኞቹ ጠግበው ያጠጣሉ፣ የታችኞቹ ሌሊት ሌሊት ቦይ ለቦይ ይዞራሉ። በገበሬው መካከል ስንት ጠብና ስንት ሽምግልና የሚነሣው በዚህ ነው። እሱ ፓርሻል ፍሉም የሚባለውን መለኪያ ቦዩ ውስጥ እየተከለ፣ የውሃውን ከፍታ እያነበበ፣ ወደ ሊትር በሰከንድ እየቀየረ ሰነበተ። ያገኘውም፣ ጫፍ ላይ የሚደርሰው ውሃ «በቂ» በሚባለው ደረጃ ውስጥ ይገባል የሚል ነው። ደስ ይላል።

ጽሑፉ ውስጥ ግን አንዲት ዓረፍተ ነገር ነበረች። በቦዩ ጫፍ ያሉ ተጠቃሚዎች በተራቸው ውሃ እንደማይደርሳቸው መናገራቸውን ትገልጻለች። እኛ ምን አልን? «ይቺን ቁረጣት፤ ከቁጥርህ ጋር ትጣላለች፤ ገምጋሚውን ታደናግራለች» አልን። ቆረጣት። ሃያ ምናምን ቃል ተረፈልን። ሌላውን ከመግቢያው ቀንሰን እኩለ ሌሊት ሳይሞላ ላክን። ማኪያቶውን እሱ ከፈለ። የዚህችን ዓረፍተ ነገር ነገር ያዙልን፤ እንመለስባታለን።

እስቲ አንድ የአብስትራክቶች መድበል አንሡና ርእሶቹን ብቻ አንብቡ። «አሰስመንት ኦፍ» ብሎ ይጀምራል፤ «ዘ ኬዝ ኦፍ» ብሎ ይጨርሳል። በመካከል የወረዳው ስም አለ። ወረዳውን ብትቀይሩት የሚቀየር ነገር የለም። ወደ ውስጥ ስትገቡ፣ ከአንቀጹ ግማሽ በላይ ውሃ ብርቅ ሀብት መሆኑን፣ የሕዝብ ቁጥር እየጨመረ መሆኑን፣ ግብርና የኢኮኖሚያችን የጀርባ አጥንት መሆኑን ይነግራችኋል። ይኼን ማን ያጣዋል? የጀርባ አጥንቱንማ ሦስተኛ ክፍል ነው የተማርነው። ከዚያ በመጨረሻዋ መስመር «ውጤቱ በጉባኤው ላይ ይቀርባል» ትላለች። እንግዲህ ጉባኤው ከስድስት ወር በኋላ ነው፤ ልኬቱም ገና አልተጀመረም። ተቀባይነት ካገኘ ይለካል፤ ካላገኘ ይተዋል። ይህ ቀልድ አይደለም፤ ብዙ ሰው የሚያውቀው ሥራ ነው። ቦታ ለመያዝ ጃኬት ወንበር ላይ እንደማስቀመጥ ነው። የማስተርስ ተማሪውን አንፈርድበትም፤ ካላሳተምክ አታድግም ተብሏል፣ ከጉባኤ ካልቀረብክ አትታወቅም ተብሏል። የምንፈርደው ጃኬቱን አይቶ «እንኳን ደህና መጣህ» በሚለው ላይ ነው።

ዋናው ነገራችን ግን ቋንቋው ነው።

ይህን ስንል የሚነሣብንን እናውቃለን፤ «ሳይንስ በእንግሊዝኛ ነው፤ ገምጋሚዎቹ የውጭ ሰዎች ናቸው፤ እናንተ ደግሞ አገር ወዳድነት ያዛችሁ»። እንግሊዝኛውን አውጡ አላልንም። ይቅር፣ ይጻፍ፣ ያማረ ይሁን። እኛ የምንለው አጠገቡ ሁለተኛ አንቀጽ ይቁም፤ ውሃው በተለካበት አገር ቋንቋ። ቆጋ ከሆነ በአማርኛ፣ መቂና ባቱ ከሆነ በኦሮምኛ፣ ታችኛው አዋሽ ከሆነ በአፋርኛ። ያው 300 ቃል። ይህ ደግሞ የእኛ ፈጠራ አይደለም። የመስኖው ዓለም ትልቁ ቤት፣ እ.ኤ.አ. በ1950 ተመሥርቶ ኒው ዴልሂ የተቀመጠው ዓለም አቀፉ የመስኖና የውሃ ማፋሰሻ ኮሚሽን፣ «ኢሪጌሽን ኤንድ ድሬኔጅ» የሚባል መጽሔት አለው። ጽሑፎቹ በእንግሊዝኛ ናቸው፤ አብስትራክቶቹ ግን ለዓመታት በእንግሊዝኛና በፈረንሳይኛ ጎን ለጎን ሲታተሙ ኖረዋል። እንግዲህ አስቡት። ስለ ቆጋ የተጻፈ ነገር እዚያ መጽሔት ላይ ቢወጣ፣ ጭማቂውን የሊዮን ሰው በእናቱ ቋንቋ ያነበዋል። የመራዊ ሰው ግን አያነበውም። ውሃው የማን ነበር?

ሩቅም አንሂድ። የመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት አዋጅ አለን፤ አዋጅ ቁጥር 841/2006። ገበሬው ውሃውን በማኅበር እንዲያስተዳድር፣ ቦዩን እንዲጠብቅ፣ መዋጮ እንዲከፍል የሚደነግግ ሕግ ነው። እንደ ማንኛውም የፌዴራል አዋጅ፣ በነጋሪት ጋዜጣ ላይ በሁለት ዓምድ ነው የታተመው፤ በግራ አማርኛ፣ በቀኝ እንግሊዝኛ። ሁለቱ ከተጣሉ የሚጸናው የአማርኛው ነው። ስለዚህ ገበሬው ግዴታውን በሚገባው ቋንቋ ማወቅ አለበት ብለናል። ክፍያውን ሲሆን ይገባዋል፤ ግኝቱን ሲሆን አይገባውም?

«ቃላት የሉንም» የሚል መልስም አለ። ይህን የሚል ሰው ገበሬ አጠገብ ተቀምጦ አያውቅም ማለት ነው። ቦይ አለ፣ ጠለፋ አለ፣ ማሳ አለ፣ ተራ አለ፣ ደለል አለ፣ ስርገት አለ፣ ትነት አለ። የግብርና ልማት ሠራተኞች የሚማሩበት ማንዋል በአማርኛ ተጽፎ ስንት ዓመቱ ነው! በዩኒቨርሲቲ ውስጥም ቢሆን፣ የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች የሁለተኛ ዲግሪ ጥናታቸውን ከነአጽሕሮቱ በአማርኛ ሲጽፉ ኖረዋል፤ ማንም አልሞተም። ውሃ የማከፋፈል ሥራ ደግሞ ከዩኒቨርሲቲ በፊት የነበረ ነው። በአማራ ደጋዎች ባህላዊ መስኖ ውስጥ «የውሃ አባት» የሚባል ሰው አለ፤ ተራውን የሚያወጣ፣ የተጣሉትን የሚያስታርቅ፣ ቦዩ ሲሰበር ሰው የሚያስወጣ። ትግራይ ውስጥ «አቦ ማይ» ይሉታል። ይህ ሰው የውሃ አስተዳደር ባለሙያ ነው። ባለሙያነቱን የማይቀበለው የጉባኤው የምዝገባ ቅጽ ብቻ ነው፤ «ተቋም» የሚል ባዶ ቦታ አለውና።

ደግሞ «ገበሬው አያነብም» ይባላል። ልጁ ያነባል። የልማት ሠራተኛዋ ታነባለች። የአርሶ አደር ማሠልጠኛ ማዕከል በየቀበሌው ተሠርቷል፤ ብዙው ለስብሰባ ካልሆነ ተዘግቶ ይውላል። ሬዲዮ አለ። ቆጋ ላይ በተሞከረ አንድ ነገር ደግሞ ማንበብም አላስፈለገም፤ አፈር ውስጥ የሚቀበር ጠቋሚ ነው፤ ውሃው ወደ ሥሩ ጠልቆ ሲደርስ ላዩ ላይ ብቅ ይላል። ገበሬው ብቅ ያለውን አይቶ ውሃውን ይዘጋል። በቃ። ከዚህ የተሻለ አብስትራክት አላየንም፤ ቃል የለውም፣ ግኝቱ ግን ደረሰ።

ይህን ሁሉ የምንጮኸው ለቋንቋ ክብር ብቻ አይደለም። ሳይደርስ የቀረ ነገር ዋጋ ያስከፍላል። የመካከለኛው አዋሽን የአሚባራን ነገር ውሰዱ። የጥጥ እርሻ ተስፋፋ፣ ውሃ ተለቀቀ፤ የሚያፋስሰው ነገር ግን ከውሃው ጋር እኩል አልሄደም። የተለቀቀው ውሃ ሁሉ ተክሉ አይጠጣውም። 1 ሄክታር ላይ 50 ሚሊ ሜትር ውሃ ለቀቅን ማለት 500 ሜትር ኩብ አፈሰስን ማለት ነው፤ ሥሩ ካልያዘው ወደ ታች ይሰርጋል። እየሰረገ የከርሰ ምድሩን ውሃ ከፍ ያደርጋል፤ ውሃው ወደ ላይ ሲቀርብ ፀሐይ ታተነዋለች፤ ጨው አይተንምና አፈሩ ላይ ይቀራል። በዚህ መንገድ ብዙ መሬት ነጭ ሆኖ ተጣለ። ይህ በጥናት የታወቀ፣ የተጻፈ፣ ስንት ጊዜ ከመድረክ የቀረበ ነገር ነው። ዛሬ ደግሞ የበጋ ስንዴ ዘመን ነው። ፓምፕ የማያውቅ ሰፈር ሁሉ ፓምፕ እየገዛ ነው፤ ቆላው እየታረሰ ነው። እኛ ስንዴውን አንቃወምም፤ ዳቦ እንበላለን። ግን ዘንድሮ አዲስ ፓምፕ የተከለው ሰው አሚባራ ላይ ምን እንደሆነ በቋንቋው የነገረው ማን ነው?

ሐረማያ ላይስ? ሐረር ከተማ ለዓመታት የጠጣችው ከሐረማያ ሐይቅ ነበር። ለከተማው ይቀዳል፣ ለጫቱና ለአትክልቱ በፓምፕ ይሳባል፣ ከተራራው ደለል ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ አጋማሽ ሐይቁ ደረቀ። በቅርብ ዓመታት ውሃ ተመልሶበታል፤ እሰየው። ነገር ግን ልብ በሉ፣ የሐይቁን ስም የያዘና በግብርና ትምህርት አንጋፋ የሆነ ዩኒቨርሲቲ አጠገቡ ነው ያለው። ጥፋቱ የዩኒቨርሲቲው ነው አላልንም፤ ፓምፑን ያስነሣው እሱ አይደለም። የምንለው፣ ዕውቀት አጠገብ መሆን ብቻውን ውሃ እንደማያድን ነው። ከቤተ መጻሕፍቱ እስከ ፓምፑ ያለው መንገድ አጭር ይመስላል፤ ቋንቋ ከሌለ ግን አያልቅም።

አሁን ደግሞ እኛን ጋዜጠኞቹን። ጉባኤ እንዘግባለን አይደል? ሦስት ሰዓት ላይ እንገባለን። ክቡር እንግዳው እስኪመጡ አራት ሰዓት ይሆናል። መክፈቻ ንግግር ይደረጋል፤ ውሃ ብርቅ ሀብት ነው፣ የጀርባ አጥንት። እንቀርጻለን። የቡና ዕረፍት ይሆናል። የመኪና እየተባለ የሚሰጠውን ፈርመን እንወስዳለን፤ ቦርሳውን እናነሣለን፤ እንወጣለን። ጥናቶቹ የሚጀምሩት ከቡናው በኋላ ነው። በማግስቱ ዜናው «ገለጹ» በሚል ያበቃል። በዚያ ጉባኤ 60 ጥናት ቀርቦ እንደሆነ እንኳ አድማጩ አያውቅም። ስለዚህ ተመራማሪውን «ለምን በአማርኛ አልጻፍክም?» ብለን ጣት ስንቀስር፣ እሱም «አንተስ ለምን ከቡናው በኋላ አልተቀመጥክም?» ብሎ ቢጠይቀን መልስ የለንም። እውነቱን ነው። ሁለታችንም የበላነው ከአንድ ሳህን ነው።

ከዚህ በኋላ ግን ቢያንስ ሰበብ እንዳይኖረን እንፈልጋለን። የጉባኤ አዘጋጆች ሆይ፣ ስትጠሩ እንዲህ በሉ፤ ውጤት የሌለው አብስትራክት አንቀበልም፤ የት፣ በየትኛው ወር፣ ስንት ቀን እንደለካችሁ ጻፉ፤ በሁለት ቋንቋ ላኩ፤ ሁለተኛውን ማሳውን ለሰጧችሁ ሰዎች አንብባችሁ ምን እንዳሉ በአንድ መስመር አስገቡ። ወጪ የለውም። ገምጋሚ ከውጭ ማምጣት አያስፈልገውም። ለታይምስ ኒው ሮማን የሰጣችሁትን ትኩረት ያህል ብቻ ነው የምንለምነው። ገንዘብ የምትሰጡ ድርጅቶችም፣ የቦርሳውን ነገር ትታችሁ ይህን ጠይቁ።

«አንብባችሁ ምን እንዳሉ» ያልነው ዝም ብለን አይደለም። ወደ ወዳጃችን እንመለስ።

የዚያን ጊዜ አብስትራክቱ ተቀባይነት አገኘ። ሦስት ሰዎች ገምግመውት «ዘዴው ጠንካራ ነው» ብለውታል። ደስ ብሎት ሊጋብዘን መጣ። ከመካከላችን አንዷ ነገሩን ከየት እንዳመጣችው እንጃ፣ «እስቲ ለእነዚያ ሰዎች በአማርኛ እንጻፍላቸው» አለች። ካፌው ውስጥ ቁጭ ብለን 40 ደቂቃ ፈጀብን። «አዲኩዋሲ» የምትለዋ ትንሽ አስቸገረችን፤ «ለሰብሉ የሚያስፈልገው ውሃና የደረሰው ውሃ ሲነጻጸሩ» ብለን አለፍናት። በቅዳሜ ሚኒባስ ተሳፍሮ መራዊ ወረደ፤ እኛም ተከትለነው ሄድን። (ያ አካባቢ ከዚያ ዓመት ክረምት ወዲህ ምን እንዳሳለፈ ታውቃላችሁ፤ የዛሬው ጽሑፍ አይበቃውም። የምናወራው ከዚያ በፊት ስለነበረው ሚያዝያ ነው።)

አንድ ዋርካ ሥር አሥራ ምናምን ሰው ተሰበሰበ። ወዳጃችን አነበበ። የላይኞቹ ማሳ ባለቤቶች ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ጥሩ ነው አሉ። ለነገሩ ለእነሱማ ጥሩ ነው። ማሳቸው ከቦዩ ጫፍ ላይ የሆነ አንዲት እናት ግን ነጠላቸውን አስተካክለው፣

«ልጄ፣ እስቲ ያችን መልሰህ አንብባት፤ ለእኛ ይበቃል ያልካትን» አሉ።

አነበበ።

«መቼ ነው የለካኸው?»

«ጥር ላይ ነው እናቴ።»

«ጥር መቼ?»

ደብተሩን አወጣ። ጥር 11፣ ጥር 12፣ ጥር 13። ዩኒቨርሲቲው ዝግ ስለነበረ መኪናም መለኪያም የተገኘለት ያኔ ነው።

«የጥምቀት ለት?» አሉ። ሰዉ መሳቅ ጀመረ። «አንተ ልጅ፣ በጥምቀት ማን ውኃ ያጠጣል? ታቦት ወርዶ፣ በነጋታው ሚካኤል፤ የላይኞቹ ሁሉ ባሕረ ጥምቀት ናቸው። እኛም ያን ለት ነው ውኃ በደጃችን ሲያልፍ ያየነው። እኔስ በዓል መሆኑ ቆጭቶኝ ነበር።»

ወዳጃችን አልተናገረም። ፍሉሙ ትክክል ነው፤ ንባቡ ትክክል ነው፤ ስሌቱ ትክክል ነው። ከላይ የሚያጠጣ ሰው ባልነበረበት ሦስት ቀን፣ ጫፍ ላይ የደረሰውን ውሃ ለክቶ «ይደርሳቸዋል» ብሎ ጻፈ። ሦስቱ ገምጋሚዎች ይህን በምን ያውቃሉ? የት ያለ ገምጋሚ ነው ጥር 12 ሚካኤል መሆኑን የሚያስብ? ከአብስትራክቱ ውስጥ ስህተቱን የምትጠቁም አንዲት ዓረፍተ ነገር ነበረች፤ እሷንም እኛ ቆርጠናታል።

አንድ ሽማግሌ ደግሞ አዘኑለትና «አይዞህ ልጄ፤ መለኪያህን ይዘህ ተመለስ፤ ሰኞ ሰኞ ና፤ የተራውን መዝገብ እኛው እናሳይሃለን» አሉት። የተራ መዝገብ! ማን ለየትኛው ቀን ውሃ እንዳገኘ የተጻፈበት ደብተር በጸሐፊው ቤት ነበረ። ለሁለት ዓመት አልጠየቀም፤ እነሱም የሚፈልገው አልመሰላቸውም።

ተመለሰ። ሚያዝያና ግንቦት ውስጥ በሥራ ቀን፣ ከመዝገቡ ጋር እያመሳከረ ለካ። ጫፍ ላይ ያለው ውሃ «በቂ» ከሚባለው ደረጃ ወረደ። አዲሱን አብስትራክት ጻፈ፤ በሁለት ቋንቋ። ለአዘጋጆቹ ኢ-ሜይል ላከ፤ የመጀመሪያው ውጤት የተሳሳተ ቀን ላይ የተለካ ስለሆነ በዚህ ይተካልኝ፣ አማርኛውንም ከቻላችሁ ከጎኑ አትሙልኝ ብሎ ለመነ።

ከአራት ቀን በኋላ መልስ መጣ። የአብስትራክቶቹ መድበል ወደ ማተሚያ ቤት ስለሄደ መቀየር አይቻልም፤ ስለ ትብብርዎ እናመሰግናለን፤ እባክዎ የፓወር ፖይንቱን ስላይድ ከ12 ገጽ እንዳያስበልጡ ይላል።

መድበሉ አሁንም መደርደሪያችን ላይ አለ። በዚያኛው ገጽ ላይ፣ ከቦዩ ጫፍ ያሉት እናት ዛሬም ውሃ ይበቃቸዋል።